ተሰጥኦ እንጀራ ይሆናል?

ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጽሑፍ መነሻው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እኔንም አስቸግሮኛል። እስቲ አብረን እንየው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የወጣት ማዕከል ነው። የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ሲሆን ሥራዬ ደግሞ ማኅበራዊ ሠራተኛነት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ይሞላል። በአንድ በኩል የቴአትር ክበቡ ልጆች ይለማመዳሉ፣ በሌላ በኩል ፒንግ ፖንግ ይመታል፣ ከኋላ ኳስ አለ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ 12ኛን ጨርሰው ሥራ ያላገኙ ትልልቅ ልጆች ግንቡ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሰፈርተኛው ያንን ግንብ «ድድ ማስጫ» ነው የሚለው።

በአንዱ ቅዳሜ ከቴአትር ክበቡ ጎበዙ ልጅ ልምምዱን ትቶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አልኩት።

በአገጩ ወደ ግንቡ አመለከተኝ። «ቲቸር፣ ያንን ሰማያዊ ጃኬት የለበሰውን አየሽው? የክበቡ ምርጥ ተዋናይ እሱ ነበር አሉ። አሁን ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ተሰጥኦ እንጀራ ይሆናል?»

«አዎ ይሆናል» ብዬ ልሸኘው እችል ነበር፤ ግን ግንቡን እያየ እንዴት ያምነኛል? «አይሆንም» ብለው ደግሞ ልምምዱን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቆየኝ» አልኩት። ይህ ጽሑፍ ያኔ የነገርኩት መልስ ነው።

ሦስት ቃላት እንለይ

ብዙ ጊዜ ዝንባሌ፣ ተሰጥኦ እና ክህሎት የሚሉትን ቃላት እያቀላቀልን እንጠቀምባቸዋለን። ዝንባሌ ማለት ልባችን የሚያዘነብልበት ነገር ነው። አንዱ ኳስ ሲያይ እግሩን ያሳክከዋል፤ ሌላዋ ባዶ ወረቀት ካየች ሳትስልበት አታልፍም። ተሰጥኦ ደግሞ አንድን ነገር ከእኩዮቻችን ቀለል ባለ መንገድና ፈጠን ብለን የመልመድ አቅም ነው። ክህሎት የምንለው ግን በተደጋጋሚ ልምምድ፣ ከሚያርመን ሰው ሥር ሆነን የምናካብተው ችሎታ ነው።

በእኛ ቤት ቋንቋ እናስቀምጠው ብትሉ ተሰጥኦ ጤፍ ነው። ጤፍ በጎተራ ስላለ ብቻ ግን ማንም እንጀራ አይበላም። ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይጋገራል። ይህንን ሁሉ የሚሠራ እጅ ካልተገኘ ጤፉ እዚያው ጎተራው ውስጥ ይቀራል። ያ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ወንድማችን ጤፍ አልጎደለውም። የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

ሥራ አጥነት የማን ጥፋት ነው?

በአገራችን ግንብ ላይ የተቀመጠን ወጣት «ቦዘኔ» ማለት ይቀናናል። እዚህ ላይ ከተማርኩት ትምህርት አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ሲ. ራይት ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የግል ችግርንና የማኅበረሰብ ጉዳይን ለይቶ አሳይቷል። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ላቅርበው። መቶ ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ካጣ የዚያን ሰው ጠባይ፣ ችሎታና ዕድል መመርመር ይገባል። ሥራ ፈላጊው በሚሊዮን ሲቆጠር ግን ጉዳዩ ከግለሰብ ያልፋል፤ ትምህርቱን፣ ኢኮኖሚውንና የሥራ ዕድሉን መመርመር ግድ ይሆናል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚወጣው የዚህ ዕድሜ ሠራዊት ሁሉ የቢሮ ወንበር አይበቃውም። ስለዚህ ሥራ ያጣ ወጣት ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። እናንተም ነገ ሥራ ብታጡ ራሳችሁን «የማልረባ» አትበሉ።

ታዲያ የማኅበረሰብ ጉዳይ ከሆነ እጃችንን አጣጥፈን መንግሥትን እንጠብቅ ማለት ነው? አይደለም። መንገዱ ጠባብ ሲሆን ቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ያልፋል። ከዚያም በላይ ተሰጥኦ ሌላው ያላየውን ሥራ ለመፍጠር የሚያስችል መነሻ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጥንቃቄውን በራሴ ቤት ከደረሰው ልጀምር።

የወንድሜ ታሪክ

ታናሽ ወንድሜ ግራ እግር ነው። የሰፈር ሜዳ ላይ ኳስ ሲይዝ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። 10ኛ ክፍል ሳለ አንድ ቡድን ፈለገውና ትምህርቱን አቋረጠ። እናታችን አለቀሰች፤ እሱ ግን «እማዬ፣ ቤት እሠራልሻለሁ» አላት። የቡድኑ ሰዎች በወረቀት ላይ ዕድሜውን በሁለት ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ውል አልፈረመም፤ ክፍያው ሲገኝ የሚሰጥ፣ ሲጠፋ የሚረሳ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ላይ ተጎዳ። ለሁለት ሳምንት ጠየቁት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩንም አላነሡለት። በ18 ዓመቱ ያለ ትምህርት፣ ያለ ኳስና ያለ ገንዘብ እቤት ቁጭ አለ።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ግንቡ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ ጫት፣ ከጫቱ በኋላ «ማስበሪያ» መጠጥ፣ ከመጠጡ በኋላ የት እንዳደረ የማያስታውሰው ሌሊት። አንድ ቀን ማታ ክፍሌ ገብቶ በሩን ዘጋና «እታለም፣ መመርመር እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልችልም» አለኝ። በማግስቱ አብረን ሄድን። ውጤቱን እስክንሰማ ድረስ በእንጨቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የተጎዳ ጉልበቱን ሲያሻሽ ዛሬም ይታየኛል። ቫይረሱ አልተገኘበትም። ባለሙያዋ በመከረችን መሠረት ከሦስት ወር በኋላ በድጋሚ ተመረመረ፤ አሁንም ነፃ ነበር። ስንወጣ ያለኝን እነሆ፦ «ይኼ ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። በዚያን ጊዜ ለራሴ ግድ አልነበረኝም።»

ይህንን ታሪክ እንድጽፈው የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። «ግድ አልነበረኝም» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ወንድሜ ኤች አይ ቪ እንዴት እንደሚተላለፍ ያውቅ ነበር። ኮንዶም ምን እንደሆነም ያውቃል፤ የትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበር። ያጣው እውቀት ሳይሆን ነገን ነው። ነገ የሌለው ሰው ዛሬን አይጠነቀቅም።

ሥራ ማጣትና ኤች አይ ቪ የሚገናኙትም በዚህ ነው። ሥራ ያጣ ሁሉ ለቫይረሱ ይጋለጣል ማለት ስሕተት ነው፤ ሥራ ያለውም ካልተጠነቀቀ ይጋለጣል። ነገር ግን ተስፋ መቁረጥ ጥንቃቄን ያላላል፤ ሱስ ደግሞ ውሳኔን ያዛባል። የሰው እጅ መጠበቅ፣ በተለይ ለሴት እህቶቻችን፣ «እምቢ» የማለት አቅምን ይሸረሽራል። ተሰጥኦን ማሳደግ የኤች አይ ቪ መከላከል ሥራ አካል ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

ከበቆጂ ምን እንማራለን?

አሁን ደግሞ ወደ አርሲ እንሂድ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በተካሄደው የቤጂንግ ኦሎምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች ነበሩ፤ ሁለት በወንዶች፣ ሁለት በሴቶች። አራቱንም የወሰዱት ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ናቸው። ከእነሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉና እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ ከዚያው አካባቢ ናቸው።

«አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ከፍታው ይጠቅማል። ነገር ግን በአገራችን ከፍታ ያለው በቆጂ ብቻ ነው እንዴ? በቆጂ ሌላም ነገር ነበራት። ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር በትምህርት ቤት ያሉ ልጆችን እየመለመሉ ማለዳ ማለዳ ያሠለጥኑ ነበር። ብዙዎቹ ስመ ጥር ሯጮች የመጀመሪያውን ሥልጠና ያገኙት ከእኚህ መምህር ነው። እንግዲህ ጤፉን የሚያስፈጨው፣ የሚያቦካው እጅ ይህ ነው። የሚያየን፣ የሚያርመንና ሰዓት የሚያስከብረን ሰው ያስፈልጋል።

ከበቆጂ የምንማረው ሌላም እውነት አለ፤ ይህኛው ግን ብዙም አይነገርም። በኦሎምፒክ አትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ማሰለፍ የሚችለው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። በማለዳ ከሚሮጡት ብዙ ልጆች መካከል ሦስት! ሌሎቹስ? እነሱም ሮጠዋል፣ እነሱም ላባቸውን አፍስሰዋል። ሦስት ውስጥ ያልገባ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም፤ በሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ከማንም በላይ ትምህርቱን መያዝ አለበት። «ኳስ ወይስ ትምህርት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ነው። ጉልበት ሊጎዳ ይችላል፣ ድምፅም ሊዘጋ ይችላል፤ የተማሩት ግን አብሮ ይኖራል።

አዱኛ፦ ጎዳና ላይ የተገኘ ሀብት

«ሩጫ የታወቀ ነው፤ ኪነ ጥበብስ?» ለምትሉኝ ሌላ ምሳሌ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አዘጋጅ ከመቶ ያላነሱ የጎዳናና የችግረኛ ቤተሰብ ልጆችን ሰብስቦ አንድ ትልቅ የዳንስ ትርኢት አሳየ። ከዚያም ከልጆቹ መካከል 18ቱ ተመርጠው ለዓመታት የዘለቀ ሥልጠና ወሰዱ። ቡድኑም «አዱኛ» ተባለ፤ አዱኛ ማለት መቼም ሀብት፣ የዓለም ጸጋ ማለት መሆኑን ታውቃላችሁ።

አዱኛዎች ዳንስ ብቻ አልሠሩም። ተመልካቹ ራሱ ወደ መድረክ ወጥቶ የታሪኩን አካሄድ የሚለውጥበትን የቴአትር ዓይነት በመጠቀም ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሌሎች የማኅበረሰብ ችግሮች አስተምረዋል። አካል ጉዳተኛ ወጣቶችንም አሠልጥነዋል። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ በተባለው የስዊዘርላንድ የሰዓት አምራች ድርጅት የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር የመማር ዕድል አግኝቷል። በኋላም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር «ደስቲኖ» የተባለ የዳንስ ቡድን መሥርተዋል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ጨፍረው በማግስቱ ሥራ አላገኙም። ሥልጠናው ዓመታት ወስዷል። በዚህ መሀል የተማሩት ደግሞ እግር ማንሣት ብቻ ሳይሆን ሌላውን ማስተማርና ሰው ፊት ቆሞ መናገር ጭምር ነው። እንጀራ የሆነላቸውም ይኸው ጥምር ነው።

ከሜዳው ዙሪያ ያለው እንጀራ

አሁን አንድ ጨዋታ እንጫወት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ስታዲየም ውስጥ ያላችሁ አድርጋችሁ አስቡ። ሜዳው ውስጥ ኳስ የሚያባርሩት 22 ናቸው። አሁን ደግሞ ከእነሱ ሌላ በኳሱ ምክንያት የሚሠራውን ቁጠሩ። ዋና ዳኛ፣ ረዳት ዳኞች፣ አሠልጣኝ፣ ምክትሉ፣ የግብ ጠባቂ አሠልጣኝ፣ ወጌሻ፣ የስፖርት ጋዜጠኛ፣ ካሜራ ያዥ፣ ፎቶ አንሺ፣ ማሊያ ሰፊና አታሚ፣ ሣር ተንከባካቢ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ውኃና ቆሎ ሻጭ… ስንት ደረሰ?

ቴአትር ቤትም እንዲሁ ነው። መድረክ ላይ አምስት ሰው ብታዩ ከጀርባ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ መብራት ባለሙያ፣ ድምፅ ባለሙያ፣ አልባሳት ሰፊ፣ ፊት ቀቢ፣ መድረክ ሠሪና ፖስተር ሠዓሊ አሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ 10,000 ያህል ሰው ነው የሮጠው። ያ ሁሉ ሰው ካናቴራ ይለብሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ሜዳሊያ ያጠልቃል፣ መንገዱን የሚመራው ይፈልጋል። አንድ ውድድር ስንት እጅ እንደሚያሠራ አሰባችሁ?

ደራርቱ ቱሉ ራሷ ሩጫ ካቆመች በኋላ ከስፖርቱ አልወጣችም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና አገልግላለች።

ወንድሜም የዳነው በዚህ በኩል ነው። ከምርመራው በኋላ የማታ ትምህርት ገባ። ለአንድ ዓመት ያህል ኳስ የሚባል ማየት አይፈልግም ነበር። ከዚያ አንድ ጓደኛው ጎትቶ የዳኝነት ኮርስ አስገባው። ዛሬ 23 ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የሰፈርና የትምህርት ቤት ውድድሮችን ያጫውታል፣ ሌላውን ቀን የስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ለእናታችን ቤት አልሠራላትም። የቤት ኪራዩን ግማሽ ግን እሱ ነው የሚከፍለው። «ሜዳውን የሚያውቅ ሰው ለሜዳው አይጠፋም» ይለኛል፣ ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሎ።

በተሰጥኦ ስም የሚመጣ ወጥመድ

በተለይ ሴት እህቶቼ ይህንን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ወንዶችም አትለፉት፤ በእናንተም ላይ ይደርሳል።

ጥሩ ድምፅ ያላት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቀን እየሣቀች መጥታ «ክሊፕ ሊሠራልኝ የሚፈልግ ሰው አገኘሁ» አለችን። የት እንደሚገናኙ ስንጠይቃት ፊቷ ተለወጠ። ሰውየው ብቻዋን፣ ማታ፣ ለማንም ሳትናገር እንድትመጣ ነግሯት ነበር። «ለሰው ከነገርሽ ዕድሉ ለሌላ ይሰጣል» ብሏታል። እኛም «እናትሽን ይዘሽ በቀን ልትመጪ እንደምትፈልጊ ንገሪው» አልናት። ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጠፋ። የሰውየው ዓላማ ክሊፕ ቢሆን ኖሮ እናት ምን ታስቀይመዋለች?

ስለዚህ እነዚህን ምልክቶች ያዙ፦

• በድብቅ፣ በምሽት ወይም ብቻችሁን በመኖሪያ ቤትና በሆቴል ክፍል «ለሙከራ» የሚጠራችሁ ሰው።
• «ለመመዝገቢያ» ወይም «ለፕሮሰስ» እያለ ከቤተሰባችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ደረሰኝ ግን የማይሰጥ።
• ውጭ አገር ወስጄ አጫውታችኋለሁ የሚል። የፊፋ ደንብ በጣም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር አይፈቅድም።
• «ዕድሜህን እንቀንስልህ» የሚል። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። ውሸቱ ሲገለጥ የሚቀጣው ልጁ ነው።
• ውል የማይጽፍ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉት ደግሞ ልዩ ጥበቃ ያደርጋል።

ማንም ሰው የትወና ቦታ፣ የቡድን መለያ ወይም የመድረክ ዕድል በሰውነታችሁ እንድትለውጡ ሲጠይቃችሁ ያ ሰው የተሰጥኦ አሳዳጊ አይደለም። ድርጊቱ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጋችን ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከወሲብ ጥቃት ይጠብቃል፣ የሴትን ችግርና ጥገኝነት መጠቀሚያ ማድረግንም ይከለክላል። ጥቃት የደረሰበት ሰው ደግሞ ጥፋተኛ እሱ አይደለም፤ ማፈርም የለበትም። ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚከላከል ለ28 ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት ይሰጣል። በቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ቫይረሱ በደሙ ያለበት ወጣትስ?

አንዳንድ ክበብ ውስጥ «እሱ ፖዘቲቭ ነው፣ ኳስ አያጫውተን» ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። ኤች አይ ቪ በላብ፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ ወይም አብሮ በመጫወት አይተላለፍም። ማንም ሰው ሜዳ ላይ ከደማ፣ ምርመራ አደረገ አላደረገ ሳይባል፣ ከጨዋታ ወጥቶ ቁስሉ ታጥቦ ይሸፈናል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።

አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማጂክ ጆንሰን ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ለዓለም የተናገረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 ነው። ብዙዎች «አበቃለት» አሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ ደራርቱ ወርቅ ባጠለቀችበት በዚያው የባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ እሱም ከአገሩ ቡድን ጋር ወርቅ አጠለቀ። ከዚያም የተሳካለት ነጋዴ ሆነ። ያኔ እንደ ዛሬው ያለ መድኃኒት አልነበረም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ጓደኛው አያስተላልፍም። እንግዲህ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ወጣት ተሰጥኦውን የማያሳድግበት ምን ምክንያት አለ? ምንም የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሞክሩ። ቤት ተቀምጦ ተሰጥኦን ማወቅ አይቻልም። ሚኒ ሚዲያው፣ የሥዕል ክበቡ፣ ሩጫው፣ ሥነ ጽሑፉ ሁሉ በነፃ ነው። ባትችሉበት ማንም አይከሳችሁም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት መድቡ። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመድከም በየቀኑ አርባ ደቂቃ ይሻላል። የልምምድ ሰዓትና የጥናት ሰዓት ግን አይሻሙ።

ሦስተኛ፣ የሚያርማችሁን ፈልጉ፤ «አንደኛ ነሽ» የሚላችሁን ሳይሆን «ይኼን አስተካክዪ» የሚላችሁን። የስፖርት መምህራችሁ ወይም የሠፈር አሠልጣኝ ከበቂ በላይ ነው።

አራተኛ፣ በተሰጥኦአችሁ ዙሪያ ሁለተኛ ሙያ ያዙ። ተዋናዩ መብራት ይማር፣ ሯጯ የመጀመሪያ ርዳታ ትማር፣ ሠዓሊው ማሊያ ላይ ማተም ይልመድ።

አምስተኛ፣ ሥራችሁን ጠብቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የድርሰት፣ የዜማና የሥዕል ባለቤቶችን መብት ያስከብራል። የጻፋችሁትን ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ስድስተኛ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። በቡድን የተደራጀ ቤተሰብንም፣ ወረዳንም ለማነጋገር አቅም ያገኛል።

ወላጆችና መምህራንም ይህንን ካነበባችሁ አንድ አደራ አለኝ። ልጁ ኳስ ሲጫወት መምታት አያስተምረውም፤ «ትምህርትህን ይዘህ ተጫወት» ማለት ግን ሁለቱንም ያድናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ልጅ በሰዓቱ መጣ። ይህንን ሁሉ አሳጥሬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ስለዚህ ይሆናል ማለት ነው፤ ግን ብቻውን አይሆንም» አለ።

«እንደሱ ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ተነሣ። ወደ ልምምዱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን በሩን አልፎ ወደ ግንቡ ሄደ። ባለ ሰማያዊ ጃኬቱ ፊት ቆሞ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱም ገቡ። ትልቁ ልጅ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ጥግ ላይ ቆሞ ልምምዱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ድንገት «ቆይ፣ ቆይ! እሷ ስትገባ አንተ ጀርባህን አትስጥ» ብሎ ጮኸ። ልጆቹም እንዳላቸው አደረጉ። አሁን በየቅዳሜው ይመጣል፤ ክፍያ የለውም፣ ገና ሥራ አላገኘም። ግንቡ ላይ ግን አንድ ቦታ ክፍት ሆኗል።

የመወያያ ጥያቄዎች

በክፍላችሁ ወይም በክበባችሁ ተሰባስባችሁ ተወያዩባቸው።

1. በእናንተ ትምህርት ቤት ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች የሚያይና የሚያርም ማን አለ? ከሌለ ማንን መጠየቅ ይቻላል?
2. የምትወዱትን አንድ ስፖርት ወይም ጥበብ ምረጡ። በዙሪያው ያሉ ቢያንስ አሥር የሥራ ዓይነቶችን ዘርዝሩ።
3. «ነገ የሌለው ሰው ዛሬን አይጠነቀቅም» በሚለው ሐሳብ ትስማማላችሁ? ለምን?
4. አንድ ጓደኛችሁ በድብቅ ለሙከራ ተጠርቻለሁ ብትላችሁ ምን ትመክሯታላችሁ?